መሐላ ብቻ የቀረው አፍ

መጀመሪያ የጠፋብኝ ቃል «በሬ» ነው። ሮብ ገበያ፣ ከብት ተራ፣ ጧት። ከደጀን የመጣ አንድ ገዥ ፊት ቆሜ፣ ቀዩን በሬ ሻኛው ላይ እጄን አሳርፌ፣ «ይህ በሬ» ልል አፌን ከፈትሁ። «ይህ ማንኪያ» አልሁ።

ሰው ሳቀ። እኔ የከብት ደላላ ነበርሁ፤ በቀልድ የማሻሽጥ፣ «ሞላን የሚያበላው ምላሱ ነው» የሚባልልኝ ሰው። አዲስ ቀልድ ያመጣሁ መሰላቸው።

«ማንኪያው ስንት ጥርስ አለው?» አለ አንዱ ደላላ።

«ጠላት ይጉረስበት!» አለ ሌላው።

እኔም ሳቅሁ። እንደገና ሞከርሁ። «ይህ ማንኪያ።» አሁን እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ቀኝ እጄ ከሻኛው ላይ ወደቀች። የሌላ ሰው እጅ ስትወድቅ እንደማይ አየኋት። አላመመኝም። ከንፈሬ ወደ አንድ ጎን ሄደ። አላመመኝም። ጉልበቴ ከዳኝና እበቱ ላይ ተቀመጥሁ። ይህን የምታነቡ ሰዎች ልብ በሉ፤ ስትሮክ ብዙ ጊዜ አያምም። ሰው «ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ የሚሞተው ስለማያምም ነው። የእኔ ጓደኞች የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት እየጫሩ አሸተቱኝ። አንዱ ሎሚ ጨመቀብኝ። አንዱ አፌ ውስጥ ቁልፍ ሊከት ታገለ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሊገድለኝ ነበር። ያዳነኝ ያ የማላውቀው ገዥ ነው። «ይህ ሰውዬ አፉ ተጣሟል፣ መኪና አምጡ!» ብሎ ጮኸባቸው።

ደብረ ማርቆስ ወሰዱኝ። ሲቲ ስካን አነሱኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አነጋገሯ የአዲስ አበባ ነው። ለሚስቴ ለሙሉ ስትነግራት አልጋው ላይ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ስትሮክ ነው። በግራ በኩል ያለው የአንጎላቸው ክፍል ደም ተቋርጦበታል። ቀኝ እጃቸውንና እግራቸውን የያዘውም፣ ንግግራቸውን የወሰደውም እሱ ነው። የንግግሩ ችግር አፌዥያ ይባላል።»

«አእምሮውስ?» አለች ሙሉ።

«አእምሯቸው አለ። ይሰማሉ፣ ይረዳሉ። ሐሳቡን ወደ ቃል የሚያወጣው ነው የተጎዳው።»

ሙሉ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ውሃ ልስጥህ?»

አዎ ልላት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይታይሽ ትሙት!»

ይታይሽ ልጄ ናት። አንድ ልጄ። በአገራችን ሰው የሚምለው በሚወደው ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ደላላ ደግሞ ያለ መሐላ ገበያ አይወጣም። «ይታይሽ ትሙት አይዋጋም!» «ይታይሽ ትሙት ቀንበር ለምዷል!» ከተወለደች ጀምሮ በየገበያው ሳስይዛት ኖሬያለሁ። እርግማን ነው ያለ ሰው አልነበረም። ማንም በሚጠላው ሰው አይምልም።

ሌላ ቃል ፈለግሁ። አልነበረም። አሁንም ፈለግሁ። «ይታይሽ ትሙት።» ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ይታይሽ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ደረጃውን ወጥታ ትንፋሿ ያጥራል። ስትገባ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ተቀመጪ» ልላት ፈለግሁ።

«ይታይሽ ትሙት!»

በሳቅ ሞተች። «እማዬ ነይ ስሚ! አባዬ እዚህም በሬ እየሸጠ ነው!»

ክፍሉ ውስጥ ያለ አስታማሚ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅ አልጠፋብኝም ነበር። ለምን እሱ እንደተረፈልኝ አላውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። ቃል ሲጠፋ ሐሳብም አብሮ ይጠፋል ወይ? የማውቀውን እናገራለሁ። በሆስፒታሉ መስኮት በኩል ከአጥሩ ማዶ አንድ ገበሬ በሬ ሲነዳ አየሁ። ዕድሜውን አወቅሁ። የፊት እግሩ እንዳነከሰ አወቅሁ፣ ከቀንበር ሳይሆን ከድንጋይ መሆኑን አወቅሁ። ቆዳው ያልጠገበ ነው። ይህ ሁሉ ሐሳብ ነው፤ አንድም ቃል የለበትም። ስለዚህ ያለ ቃል ማወቅ አለ። ማሰላሰል ግን አስቸገረኝ። «ነገ ይህን አደርጋለሁ፣ ያ ካልሆነ ያን» ማለት አልቻልሁም። ነገሩን እይዘዋለሁ፣ ወዲያው ያመልጠኛል። ያለ ቃል የቀረ ሐሳብ እንዳልተጠመደ በሬ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ፈር አያወጣም። ድሮ ከራሴ ጋር የምከራከር፣ ገበያ ስሄድም ስመለስም ከውስጤ ጋር የምጣላ ሰው ነበርሁ። ያ ሁሉ ጸጥ አለ። ጸጥታ ዕረፍት የሚመስለው ሰው ቢኖር እኔን ይጠይቀኝ።

ፊደልም ሄደ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ጢሜ ወጥቶ፣ ልጅ ወልጄ፣ ከመሰል ጎልማሶች ጋር እየተሳሳቅሁ። ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ሳየው ፊደል መሆኑን አወቅሁ፤ አንዳንዱን በቅርጹ አውቀዋለሁ፣ ድምፅ ግን የለውም። እንደገና ጨዋ ሆንሁ። ጨዋ ሁለት ትርጉም አለው፤ ያልተማረም ነው፣ ምግባረ መልካምም ነው። እኔ የመጀመሪያው ብቻ ነበርሁ።

ቤት ተመለስሁ። ጠያቂ መጣ።

ስለ ጠያቂ ክፉ መናገር ነውር ነው ይላሉ። እኔ እናገራለሁ። «እንዴት አደሩ አያ ሞላ?» ይላል ሰውየው ከበሩ ላይ። «ይታይሽ ትሙት» እለዋለሁ። ይደነግጣል። ሁለተኛ አይጠይቀኝም። በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ አንተ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ አዝመራው፤ መልሱ ሁልጊዜ እግዚአብሔር ይመስገን ነው፣ ማንም አያዳምጠውም። ሳላስበው ስመልሰው የኖርሁት ነገር ነው። መመለስ ሲያቅተኝ ነው የገባኝ። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ከሰው ቁጥር ይወጣል።

ሲወጣም በደረጃ ነው። አንቱ ይሉኝ የነበሩ «አንተ» አሉኝ። አንተ ይሉኝ የነበሩ «እሱ» አሉኝ። እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ ሙሉን ይጠይቋታል። «ይበላል?» «ሽንቱን ያውቃል?» «ይለየናል?» አንዱ እንደ ደንቆሮ ይጮኽብኛል። አንዷ እንደ ሕፃን ታባብለኛለች። «ከዚህስ ዝም ቢል ይሻለው ነበር» ያለም ሰው አለ፣ እንጀራዬን እየበላ። የእሱን ደጅ እስከ ዛሬ አልረገጥሁም።

ይታይሽ ብቻ እንደ ድሮው ታናግረኝ ነበር። የባሏ ቤት ቅርብ ነው፤ ጧት መጥታ ፊቴን አጥባ፣ የሰፈሩን ወሬ አውርታ፣ «ምን ትላለህ?» ትለኛለች። «ይታይሽ ትሙት» ስላት «እሱንስ ሰማሁ፣ ሌላስ?» ትላለች።

አማቷ እትዬ ብርቄ ግን አልወደደችውም። ከታላቁ ልጇ የተወለደ የልጅ ልጅ ቀብራለች፤ ፍርሃቷ ከባዶ የመጣ አልነበረም። «እርጉዝ ሴት ቀኑን ሙሉ ትሙት ትሙት እየተባለች አትውልም» አለች። ሕመም መሆኑን ሙሉ ነገረቻት። እትዬ ብርቄ ግን አላመነችም።

አንድ እሑድ የነፍስ አባታችን ከቅዳሴ መልስ መጡ። ጠበል ረጩኝ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ እትዬ ብርቄም አለች፣ ይታይሽም አለች። ጸሎት ሲያደርሱ «አባታችን ሆይ» ብለው ጀመሩ። አፌ አብሮ ሄደ። እኔ አልላክሁትም፤ ራሱ ሄደ። ቃል በቃል፣ ሳልሰናከል፣ እስከ አሜን። ሙሉ እልል አለች። ሰው ተነሥቶ ቆመ። እኔ ራሴ የዳንሁ መሰለኝ።

የነፍስ አባታችን እንባቸው መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን! በል እንግዲህ ልጅህን መርቃት» አሉኝ።

ይታይሽ መጥታ ተንበረከከች። እጄን ራሷ ላይ አኖርሁ። ምርቃቱ ሁሉ ይታየኝ ነበር። በሰላም ገላግሎ፣ ለከርሞ አድርሶ፣ ወልደሽ ሳሚ። አፌን ከፈትሁ።

«ይታይሽ ትሙት።»

እልልታው ቆመ።

እትዬ ብርቄ ተነሣች። «ጸሎቱን የቻለ አፍ ምርቃቱን ያቃተዋል? በልቡ ያለውን ነው የተናገረው።»

«ሕመምተኛ ነው፣ አትፍረጂ» አሉ የነፍስ አባታችን። የሰማቸው የለም። እትዬ ብርቄ ይታይሽን በክንዷ ይዛ አስነሣቻት። ይታይሽ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። እየሳቀች አልነበረም።

«አባዬ፣ ምን በድዬህ ነው?»

መልስ ነበረኝ። አልወጣም። የሚወጣውን አውቄዋለሁ። አፌን በግራ እጄ ያዝሁት። እንዳይናገር። አጥብቄ ያዝሁት። ሄደች።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ለቀጠሮ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ሙሉ የሆነውን ሁሉ ለሐኪሟ ነገረቻት። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ወደ ሙሉ አልነበረም፤ ወደ እኔ።

«ጸሎት፣ መሐላ፣ ዘፈን፣ ስድብ፣ እነዚህ በልማድ የሚወጡ ናቸው። ሳናስብ ነው የምንላቸው። አስበው የሚናገሩት ነው የተጎዳብዎት። ስለዚህ አባታችን ሆይ መቻልዎ ምርቃቱን ይችላሉ ማለት አይደለም። ልጅዎን አልረገሙም። እኔ አውቃለሁ።»

አለቀስሁ። ከታመምሁ ጀምሮ እርስዎ ብሎ ዓይኔን እያየ የነገረኝ ሰው እሷ ናት። ሙሉ ለምናት ሐኪሟ ራሷ ለእትዬ ብርቄ ስልክ ደወለችላት። እትዬ ብርቄ እስኪያልቅ ሰማች፤ ከዚያ «የእኔ ልጅ፣ አንቺ የምታውቂው ሥጋውን ነው» ብላ ዘጋችው።

ሐኪሟ ተነፈሰች። «እሺ፣ እኛ ሥራችንን እንሥራ። አፍዎን ይክፈቱ። አ ይበሉ።»

«አ» አልሁ። ከመሐላው ሌላ በፈቃዴ ያወጣሁት የመጀመሪያ ድምፅ ይህ ነው። ቤትዎ ሄደው እሱን ይሥሩ ተባልሁ፤ ደጄ ላይ ተቀምጬ ስል ዋልሁ፣ አላፊ አግዳሚው «ሞላ ደግሞ ዛሬ እንደ በግ ጀመረው» እያለ ሲያልፍ እኔ አ፣ ሲመለስም እኔ አ፤ ሙሉም በከሰል በሩ ላይ ፊደሏን ጻፈችልኝና ድምፁና ቅርጹ ቀስ እያሉ አንድ ቦታ መዋል ጀመሩ። ያን ፊደል ሳየው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። «ሂድ» ብለን ጽፈን ስናበቃ መምህሩ ከፊቱ «አት» ጨምሩበት አለን፤ «አትሂድ» ሆነ፤ አንዱ ጎልማሳ «እንዲህ በቀላሉ ሰውየውን መለስነው?» ብሎ አሳቀን። በልጅነቱ የተማረ ሰው ይህን አያስተውለውም። እኔ ግን እያንዳንዷን ፊደል እንደ በሬ ጥርስ ከፍቼ እያየሁ ነው የተማርኋት። ሌላ ቃል ከአፌ ማውጣት ካልቻልሁ፣ ያለኝ መሐላ ብቻ ከሆነ፣ «ትሙት» ከሚለው ፊት ያችን አንዲት አ ባስገባ ገዳዩ ቃል ይገለበጣል። አትሙት። አሰብሁት። ያለ ቃል፣ በቅርጹ ብቻ አሰብሁት፤ ከታመምሁ ወዲህ እስከ መጨረሻው የያዝሁት የመጀመሪያ ሐሳብ እሱ ነው።

ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። መሐላው አንድ ትንፋሽ ነው፤ ከጀመረ አይቆምም። አ ብቻዋን ትወጣለች፣ መሐላውም ብቻውን ይወጣል፣ አልጣመድ አሉ። ቀኑን ሁሉ ሞክሬ የሚወጣው ያው ትሙት ሲሆን ራሴን በቡጢ የመታሁበት ጊዜ አለ። ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ ባቄላ እየፈለፈለች «ደግመህ በለው» ትለኛለች፤ አልፎ አልፎ መሐላው ከመካከሉ ይነቃነቅልኝ ጀመር።

እንዲህ ሳለሁ አንድ ጧት እትዬ ብርቄ መጣች። ነጠላዋ መሬት ይጎትታል። እግሬ ሥር ወደቀች።

«ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። አልወለደችም። አያ ሞላ፣ እርግማንዎን ያንሡላት!»

ከታመምሁ ጀምሮ «እሱ» ስትለኝ የነበረች ሴት እርስዎ አለችኝ።

«የት ናት?» አለች ሙሉ።

«እቤት ናት። እሳቸው ሳይፈቷት ሐኪም ምን ያደርግላታል ብዬ…»

አፌን ከፈትሁ።

«ይታይሽ… አ…»

ትንፋሼ አለቀ።

«ትሙት።»

እትዬ ብርቄ ጮኸች። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሙሉ እጄን ያዘችኝ። «ደግመህ በለው።»

ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ይታይሽ አትሙት።»

ወጣ።

«አትሙት። አትሙት። አትሙት።»

በግራ እጄ መንገዱን አሳየኋቸው። መንገዱን። መኪናውን። እትዬ ብርቄ ግን እጄን እየሳመች ነበር፤ የተፈለገው ነገር የተገኘ መስሏት። መሬቱን በከዘራዬ መታሁት፣ መንገዱን አሳየሁ። ሙሉ ገባት። «መኪና ነው የሚለው! ጤና ጣቢያ! ተነሽ!» እየጮኸች ሮጠች። ጤና ጣቢያው ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ላካት። ኦፕራሲዮን ሆነች።

ይታይሽ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

ዛሬም «ሞላ በምላሱ ፈታት» የሚሉ አሉ። «ልጁን የበላው ምላሱ ነው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ዋሽተዋል። እሷን ያተረፋት የሐኪም ቢላዋ ነው። ልጁን የገደለው የእኔን ቃል ሲጠብቁ ያለቀው ጊዜ ነው። ቃል ማኅፀን አይዘጋም፣ አይከፍትም። እኔ በቃል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አውቃለሁ። እትዬ ብርቄን አልወቅሳትም ብል እዋሻለሁ። እወቅሳታለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ስትመጣ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው።

ይታይሽ ቁስሏ ሲሽር ብቻዋን መጣች። ከስታለች። አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ረግመኸኝ ነበር?»

በአማርኛ «አዎ»ም «አይ»ም የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። ጤነኛ ሰው አያውቀውም። እኔ ያን ቀን አወቅሁት።

«አ…»

ቆመ። ቀጣዩ አልመጣም። ልጄ ዓይኔን ታያለች። በአንድ ፊደል ላይ ቆሜያለሁ፤ ወዲህ ብትሄድ ገዳይዋ ነኝ፣ ወዲያ ብትሄድ አባቷ።

«አ…»

ሙሉ አላስችል አላት። «አይደለም ሊልሽ እኮ…»

«ተይ እማዬ። ራሱ ይበለው።»

ጠበቀች። እጇን ጉልበቷ ላይ አኑራ፣ አንገቷን ሳታዞር፣ ፊቷን ሳታጨማድድ። ያን ያህል ጠብቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጤነኛም ሆኜ፣ ገበያ ላይም። ላቤ አንገቴ ላይ ወረደ።

«አ… ይ።»

«እ?»

«አይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ያ የድሮ ቀልዷ ትንሽ ብቅ አለ።

«ይሁን። ማልልኝ ግን አልልህም።»

ሁለታችንም አለቀስን።

ዛሬ እናገራለሁ፤ በአጭሩ፣ እየተደነቃቀፍሁ። ድለላ አልተመለስሁም፤ ከብት ተራ ውስጥ ቃል ፍለጋ የሚቆም ሰው ከብቱ ሳይሸጥ ይመሻል፣ ቦታዬንም ሌላ ይዞታል። ይህን የጻፍሁት በግራ እጄ ነው፤ ይታይሽ የተሳሳተውን ፊደል እያረመች፣ ሐሳቡን ግን ሳትነካው። በገበያ አፌን አይቶ ለጮኸው ሰው፣ እርስዎ ላለችኝ ሐኪም፣ ባቄላ እየፈለፈለች «ደግመህ በለው» ስትል ለኖረችው ሙሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው እላለሁ። ከዚህ ሁሉ መካከል የጎደለኝ ግን የልጅ ልጄ ነው፤ ምስጋናዬ ጎዶሎ ቢሆን አትፍረዱብኝ።

ለታማሚ ቤተሰብ የምለው ይህን ነው። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲወድቅ፣ ቃል ሲምታታ ክብሪት አትጫሩ፤ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ግፊታችሁን ተለኩ፤ እኔን ለክቶኝ የሚያውቅ አልነበረም። ጠበሉንም አምጡ፣ መድኃኒቱንም ስጡ፣ አንዱን ስትጠብቁ ሌላውን አታስመሹ። ከአፉ ስድብ ወይም መሐላ ቢወጣ ከልቡ ነው አትበሉ። አንቱ ትሉት ከነበረ አሁንም አንቱ በሉት። የሚበላውን ራሱን ጠይቁት። የጀመረውን ቃል ደግሞ አትጨርሱለት፤ ምናልባት እናንተ የምትጨርሱት ሌላ ነው። አንዲት ፊደል ከያዘ ሁለተኛዋ መንገድ ላይ ናት። ቁጭ በሉ።